ጨረር ያልደረሰበት ቀበሌ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ጎንደር

የጎንደር መናኸሪያ በሐምሌ ንጋት ጭቃና ጩኸት ነው። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ አሁንም አላባራም። ረዳቱ «ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይለፍፋል፤ አንገቴን አስግጌ ሳይ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። ገና ሳይነጋ ውሸት ጀመርን ብዬ ገባሁ።

ሁለት ካርቶን ይዣለሁ። በአንዱ ግሉኮስና መርፌ፣ በሌላው ኦአርኤስ አለ፤ ያ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ዱቄት። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልስቀልልሽ ቢለኝ እምቢ ብዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፦ ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር ሕፃናት አክማለሁ። ስሄድ ስመጣ ያየሁትን ደግሞ እዚህ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬዬ ስለ መንገድና ስለ ምግብ ነው፤ አንዳንዶቻችሁም «ሲስተር የምትጽፈው ስለ ሆዷ ብቻ ነው» ትሉኛላችሁ። የዛሬውን ስታነቡ ያ ወሬዬ ይናፍቃችኋል።

ትናንት ማታ እናኑ ደወለችልኝ። እናኑ ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ዛሪማ ሳይደረስ ባለች አንዲት ቀበሌ የምትኖር ገበሬ ናት። የቀበሌዋን ስም ለሰዎቹ ክብር ስል አልጽፈውም። ከዓመታት በፊት እዚያ አካባቢ ጤና ጣቢያ ስሠራ የመጀመሪያ ልጇን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ልጅቱን ሰናይት አልናት፤ ክርስትና ያነሣኋትም እኔ ነኝ። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ስሄድ ከሩቅ አይታኝ የምትሮጥ፣ ቦርሳዬን ሳትበረብር ቤት የማታስገባኝ ጉደኛ ልጅ ናት።

«ሲስተር፣ ልጅሽ ታማብኛለች» አለችኝ እናኑ። «ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። ጨረሩ ነካት።»

«ምኑ?»

«ጨረሩ ነዋ! በዝናብ የመጣው።»

«እናኑ፣ ስሚኝ፣ ውሃ አፍልተሽ፣ ጨውና ስኳር ጨምረሽ...» እያልኩ ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ። የለም።

ወሬውን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ጦርነት ባለበት ሩቅ አገር የኒውክሌር ማመንጫ ተመታ፣ ፈነዳ፣ ጨረሩ በደመና ተጭኖ ወደ እኛ እየመጣ ነው የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። «የዝናብ ውሃ እንዳትጠጡ! ትውከትና ተቅማጥ ከጀመራችሁ ጨረሩ ነክቷችኋል፤ መድኃኒት የለውም! ይህን ላልሰሙት አድርሱ!» ይላል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ባገኘው ግን ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ እዚህ ገጽ ላይ የሚጻፍ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት

ወለቃን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ጉም፣ ባሕር ዛፍ፣ ገና ከመሬት ብቅ ያለ ገብስ። በየማሳው የሚያርሱት ገበሬዎች ላስቲክ ተከናንበዋል። በክረምት ገበሬ ላስቲክ መልበሱ ድሮም ያለ ነው፤ ዘንድሮ ግን በሬዎቹም ለብሰዋል! አንዱ ገበሬ ሁለቱንም በሬዎቹን ላስቲክ አልብሶ፣ በገመድ ሸብ አድርጎላቸው ያርሳል። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እግሬ ሥር ያሉትን ካርቶኖች አየሁና ሳቄ ጠፋ።

ሹፌሩ ሰይድ ይባላል። ከአባት ከአያቱ ጀምሮ በንግድ ከኖሩ የጎንደር ሙስሊሞች ቤት የወጣ፣ ወሬ የማይጠግብ ሰው ነው። ነርስ መሆኔን ሲያውቅ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ።

«ሲስተር፣ አንቺን የመሰለ ሰው ካገኘሁ አይቀር ልጠይቅሽ። ይሄ ጨረር እውነት ነው ውሸት?»

«ግማሹ እውነት ነው» አልኩት። «መከራችንም እሱ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ማን ያምነው ነበር?»

ነገርኩት። ድሮ በሶቪየት አገር፣ ቼርኖቤል የሚባል ቦታ ማመንጫ ፈንድቶ ነበር። ደመናው ድንበር አልጠየቀም። ዝናብ በዘነበበት ሁሉ ጨረሩ ከዝናቡ ጋር ወርዶ ሣር ላይ አረፈ። ሣሩን ላም በላችው፤ ወተቷን ሕፃናት ጠጡት፤ ወተቱ ውስጥ የነበረው ጨረራማ አዮዲን አንገታቸው ላይ ያለችው እጢ ውስጥ ገባ፤ ከዓመታት በኋላ ስንቱ ልጅ የአንገት ካንሰር ያዘው። ከፍንዳታው በጣም የራቁ የሌላ አገር ተራሮች ላይ የሚግጡ በጎች እንኳ ሥጋቸው እንዳይበላ ለዓመታት ሲመረመሩ ኖረዋል።

«እና እውነት ነው በይኛ!» አለ ሰይድ፣ መሪውን በመዳፉ መታ አድርጎ።

«ቆይ እንጂ፣ አስጨርሰኝ! በጣም የተጎዱት ቅርብ የነበሩት ልጆች ናቸው። እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ መጀመሪያ ማመንጫው መፈንዳት አለበት። የአሁኑ አልፈነዳም። አካባቢው ተተኮሰበት፣ ጭስ ታየ፣ ጨረር የሚለኩት ሰዎች ሄደው ለኩ፤ የወጣ ነገር የለም አሉ።»

«የሚለኩት ሰዎች ቢዋሹስ?»

«አንዱ ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል።»

«እሺ፣ እዚህ ጎንደርስ? እዚህ የሚለካው ማነው?»

ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ ይህን ጥያቄ ለማን እንደማቀርበው አላውቅም። ምናልባት የሚለካ አለ። ካለ ግን ወጥቶ «ሕዝቤ ሆይ፣ ለክቻለሁ፣ ደኅና ነን» ያለን ሰው አልሰማሁም። ሰው ሲፈራ የሚመልስለት ከሌለ ቴሌግራም ይመልስለታል።

ሰይድ ያልጠየቀኝን ደግሞ ለእናንተ ልንገራችሁ። የኛ ደጋ እንቅርት ያለበት አገር ነው፤ አፈሩ ላይ አዮዲን የለም። አዮዲን የተራበ አንገት፣ ጨረር ያለበት አዮዲን ቢመጣ፣ ከጠገበው አንገት አብልጦ ይስበዋል። ያ ክፉ ቀን እውነት ቢመጣ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት እነዚህ ገብስ መሃል የሚሯሯጡት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ለእውነተኛው አደጋ ማንም አልተዘጋጀም። ለውሸቱ በሬው ሳይቀር ላስቲክ ለብሷል። አያናድድም?

ሐሙስ፣ ወደ ምሳ ሰዓት፣ ደባርቅ

የደባርቅ ብርድ ጋቢ አይመልሰውም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ሻይና ደረቅ ዳቦ ቀመስኩ። ድንች ወጡ ሽታው ይጣራል፤ ግን አልወርድልሽ አለኝ። አስተናጋጇ ሻዬን ስታስቀምጥ «አይዞሽ፣ በጉድጓድ ውሃ ነው የፈላው» አለችኝ። እንደ ማስታወቂያ!

ለሰናይት የሚሆን ተጨማሪ ነገር ካለ ብዬ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ገና ሳልጠይቀው «አዮዲን አልቋል» አለኝ።

«የቁስል አዮዲን? ምን ሊያደርጉት ነው የሚገዙት?»

«አንገታቸውን ይቀቡታል። ለጨረር ጥሩ ነው ተብሎ። አንዳንዱ ደግሞ...» ብሎ በእጁ የመጠጣት ምልክት አሳየኝ።

«በስመአብ! ይጠጡታል? አንተስ ዝም ብለህ ትሸጣለህ?»

«እቴ፣ አይጠጣም ብዬ ጽፌ ለጥፌያለሁ» አለና ግድግዳውን አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ጽፏል። ከላዩ የሻምፑ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።

በስንት መከራ ኔትወርክ ተገኘና ደወልኩ። ያነሡት የእናኑ አጎት አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው፤ ጤና ጣቢያ ሳለሁ ወላድ በቃሬዛ የሚያስመጡልኝ እሳቸው ነበሩ።

«አያ ደሴ፣ ሰናይት እንዴት ናት?»

«ነይ ብቻ ሲስተር። በቅሎ ይዤ መንገዱ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«ውሃ ይሰጧታል? ትጠጣለች?»

«ነይ ብቻ» አሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከሊማሊሞ በታች

ወደ ዛሪማ የሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ ሰጡኝ፤ የሚጠይቁት ዋጋ ዝርፊያ ነው፣ ግን አልተከራከርኩም። ኬላው ላይ ፈታሹ ግሉኮሱን አንድ በአንድ እያወጣ «ለማን ነው? ለምንድን ነው?» ሲል ትዕግሥቴ አለቀና «ልጅ ልትሞትብኝ ነው ወንድሜ!» ብዬ ጮኽኩበት። ፊቴን አየና ራሱ መልሶ አሸገልኝ።

ሊማሊሞ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ከዳገቱ የወረደ ናዳ አስፋልቱን ግማሽ ዘግቶታል። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ በገደሉ አፍ እየተሳበ ያወርደናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለዚህ ተራራ አንድ ገጽ እጽፍላችሁ ነበር። ዛሬ ያየሁት ሰዓቴን ብቻ ነው።

አያ ደሴ እንዳሉት ከመንገዱ ዳር በቅሎ ይዘው ቆመዋል። ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ወርጄ ካርቶኖቼን አንሥቼ «እንሂድ፣ እንሂድ» ስል እሳቸው ረጋ ብለው በቅሎዋን እዛፍ ላይ አሰሩና «መጀመሪያ እህል ቅመሽ» አሉኝ። መንገድ ዳር ወዳለች ትንሽ ምግብ ቤት አስገቡኝ።

«አያ ደሴ፣ ልጅቱ ታማ እኔ እህል እበላለሁ? ምነው አንቱ!»

«ቅመሽ እንጂ ሲስተር። ሸጋ ሽሮ ነው። ዳገቱ ይጠናብሻል።»

አንድ ጉርሻ አጎረሱኝ። እሳቸው አልበሉም። አይቸኩሉም። ስለ ሊማሊሞ ናዳ ጠየቁኝ፤ ስለ ጎንደር ጠየቁኝ። ዓይኔን አያዩም። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ሲዘረጉልኝ፣ ያኔ ገባኝ። በኛ አገር መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ለመንገደኛ አብልተው፣ አሳርፈው ነው የሚነግሩት።

«አያ ደሴ» አልኩ፣ «መቼ?»

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ» አሉ። «ቀብረን ነው የመጣሁት።»

ጮኽኩ። ሞት የለመድኩ ነርስ ነኝ እያልኩ የምመጻደቀው ሴትዮ፣ የሰው ምግብ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ደረቴን እየመታሁ ጮኽኩ። የልጅቱ አፍ ውስጥ መግባት የነበረበት ነገር ሁለት ካርቶን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጧል። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወጥታ አብራኝ አለቀሰች፤ ማን እንደሞተብኝ እንኳ አልጠየቀችም።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፣ ቀበሌው

በቅሎዋ ላይ አውጥተውኝ አያ ደሴ እየመሩ፣ የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ።

ቀበሌው የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም አንድ ትልቅ ሮቶ አለው። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳ ገብቶ ይሞላዋል፤ ክረምቱን ሙሉ ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሮቶው ከመጣ ወዲህ የልጆች ተቅማጥ እንደቀነሰ እኔ ራሴ በዓይኔ ያየሁት ነው። የቴሌግራሙ ወሬ ከዛሪማ ገበያ በተመለሱ ሰዎች ስልክ ሲደርስ ቀበሌው መጀመሪያ ምሕላ ያዘ። ከምሕላው በኋላ ትምህርት ቤቱ ደጅ ተሰበሰቡና ሮቶውን ከፍተው ለቀቁት። ያ ሁሉ ንጹሕ ውሃ ቁልቁል ፈሰሰ።

«ከዚያስ ምን ልትጠጡ?»

«ወንዝ ወረድን። ከሰማይ የሚመጣው ተበክሏል፤ ከመሬት የሚመነጨው ግን ንጹሕ ነው አልን። ጠበልስ ቢሆን ከመሬት አይደል የሚፈልቀው? እንዲህ ነው ያሰብነው።»

ወንዙን አውቀዋለሁ። ከብት ይጠጣበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፍ በየጥሻው ያለውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ይጨምርበታል። ሰናይት ስታስመልስ መልእክቱ ላይ ያለው ምልክት ደረሰ አሉ። መድኃኒት የለውም ስለተባለ ጤና ጣቢያ አልወሰዷትም። ጥማቱ ሲያቃጥላት ከዚያው ከወንዙ እየቀዱ አጠጧት። ከሞተች በኋላ ጨረሩ ይተላለፋል ብለው ሴቶቹ ገላዋን ማጠብ ፈሩ። እናቷ ብቻዋን አጠበቻት።

ይህን ሲነግሩኝ ማንን እንደምሰድብ አጣሁ። እነሱን ልስደብ? መልእክቱን የጻፈውን? ለክቶ ያልነገረንን? የበቅሎዋን ጆሮ እያየሁ ሄድኩ።

ልቅሶ ቤቱ ሞልቷል፤ ከአጎራባች ቀበሌም የመጡ አሉ። የሰናይት አባት ለቀን ሥራ መተማ ወርዷል፤ ገና አልሰማም። እናኑ ስታየኝ አልጮኸችም። ድምፅ አልቀራትም። እቅፏ ውስጥ ታናሹ ልጇ አለ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ወንድ። ተቀብዬ ሳየው ዓይኑ ገብቷል፣ ቆዳውን ቆንጠጥ ሳደርገው ቶሎ አይመለስም። እሱንም ጀምሮታል።

ዕንባዬን ዋጥኩ። ምድጃውን አስነድጄ ውሃ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ኦአርኤሱን በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠሁት። ጠጣ። እንደገና ጠጣ። ለአንዱ አፈላሁለት፤ በዚህ እርጥብ እንጨት የቀበሌውን ሁሉ ውሃ ማን ያፈላል? ነገ ጠዋት ሁሉም እንስራውን ይዞ ወደዚያ ወንዝ መውረዱ ነው።

ያኔ እናኑ እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ። የገደላት ጨረሩ ነው አይደል?»

«አይደለም፣ ወንዙ ነው» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሮቶውን ክፈቱ ብዬ ቀድሜ የጮኽኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለልጆቼ ፈርቼ። ከወንዙ እየቀዳሁ ያጠጣኋትም እኔ ነኝ። ጨምሪልኝ ስትለኝ ጨመርኩላት። ጨረሩ ነው በይኝ ሲስተር።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ ከጎንደር የተነሣሁት ውሸቱን ልሰብር ነው። መንገዱን ሙሉ ውሸታሞችን ስረግም ነው የመጣሁት።

«ጨረሩ ነው እናኑ» አልኳት። «አንቺ ምንም አላደረግሽም። ጨረሩ ነው።»

ደረቴ ላይ ወደቀችና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እኔ ግን ታናሹን ልጅ እያየሁ ውሸቴን መጨረስ ነበረብኝ። ቀና ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ በነርስ ድምፄ ተናገርኩ። ጨረሩ ከሰማይ ጠፍቷል አልኩ። ዝናቡ ጠርጎ ወደ ወንዙ አውርዶታል፤ አሁን ያለው ወንዙ ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወንዙን የጠጣ ይሞታል፣ የዝናቡ ውሃ ግን ንጹሕ ነው። ያስመለሰውንና ያስቀመጠውን ሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ መድኃኒት አለው።

«ተመስገን!» አሉ ሴቶቹ።

ዓርብ፣ ቀበሌው

ጠዋት ሮቶውን አጠብን፣ አሸንዳውን ጠረግን። ዝናቡ እንደሆነ ቀን አይመርጥም፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ውሃው የሮቶው ወገብ ደረሰ። ሰው ከቦ ያየኛል። በኩባያ ቀድቼ፣ እያዩኝ፣ ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁ። እንደ ቅዱስ ነገር አዩኝ። ከዚያ አያ ደሴ ጠጡ። ከዚያ ሁሉም።

ታናሹ ልጅ ከሰዓት በኋላ አለቀሰ፣ በዕንባ። ዕንባ ማለት ሰውነቱ ውሃ መለሰ ማለት ነው። እሰይ አልኩ። እናኑ ግን ማልቀሱን ስትሰማ ደነገጠች፤ ማልቀስ መልካም መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። የሰናይትን መቃብር አሳየችኝ፤ ከሌሎቹ ፈንጠር አድርገው ነው የቀበሯት። ስለ ጨረሩ።

ነርስ ሆኜ ዋሽቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። «ምንም አያምሽም» እያልኩ ስንት ልጅ ወግቻለሁ። ይሄኛው ግን እንደ እነዚያ አልቀለለኝም።

ቅዳሜ፣ ወደ ጎንደር ስመለስ

አያ ደሴ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ከበቅሎዋ ሲያወርዱኝ በዝግታ ጠየቁኝ።

«ሲስተር፣ ያልሽው ነገር ውሸት ነው አይደል?»

«ውሸት ነው አያ ደሴ። የገደላት ወንዙ ነው።»

«መስሎኝ ነበር» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ሸጋ ውሸት ነው። እንዳትደግሚው እንጂ» አሉኝ።

ደባርቅ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። የኦአርኤሱ ካርቶን ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ዳባት ላይ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ አምባ ጊዮርጊስ ወራጅ ናት። ልጁ የግራ ጉንጩን ጀርባዋ ላይ አጣብቆ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ነርስ ላልሆነ ሰው እንቅልፍ ይመስላል፤ እኔ ግን ሰውነቱ ውሃ እያለቀበት መሆኑን አወቅሁ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ያስቀምጠዋል» አለች። «ጨረሩ ሳይሆን አይቀርም። አልሰማሽም? ሊማሊሞ ሥር አንዲት ልጅ በጨረር ሞታለች። አሉባልታ ነው እያልን ነበር፤ አሁን ግን ከጎንደር የሄደች ነርስ ናት ያረጋገጠችው። ለልቅሶ የሄዱ ሰዎች በጆሯቸው ሰምተዋታል። እኛም ትናንት ይህን ስንሰማ የዝናቡን ታንከር ከፍተን ለቀቅነው።»

የተናገርኩት ሁለት ግማሽ ነበረው። መንገደኛው «ጨረሩ ነው» ያልኩትን ግማሽ ብቻ ይዞ ሄዷል።

«ነርሷ እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ዞረ። «ነርሷ እኔ ነኝ፣ የተናገርኩት ውሸት ነው! ለእናቷ አዝኜ ዋሸሁ። ልጅቱን የገደላት ቆሻሻ ውሃ ነው። ጨረር የለም። ታንከራችሁን መልሳችሁ ሙሉት!»

ከኋላ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ፊቷ በርኅራኄ ተሞላ። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አይዞሽ እታለም። ለምን ተናገርሽ ብለው አስፈራሩሽ አይደል? እንጀራሽ ነው፣ ይገባናል። አንዴ እውነቱን ነግረሽናል፤ እግዜር ይስጥሽ።»

«እኅቴ፣ በሰናይት ሞት እምልልሻለሁ...»

«አይዞሽ» አለችኝ። «አይዞሽ።»

አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ነው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ይቃትታል። ለክርክር የሚበቃ ጊዜ የለም። ካርቶኑን ከፈትኩና ያለኝን ፓኬት እፍኝ ሙሉ አወጣሁ።

«ይህን በጥብጠሽ ስጪው። ቶሎ ቶሎ፣ በማንኪያ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»

«ለጨረር ነው?»

አይደለም ብላት ለልጁ ሳትሰጠው ትጥለዋለች ብዬ ፈራሁ።

«አዎ» አልኩ። «ለጨረር ነው። በፈላ ውሃ ካልሆነ አይሠራም። ውሃው መንተክተክ አለበት፤ ከዚያ አብርጂው።»

ሴትየዋ ፓኬቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ለመኪናው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች፦

«እዩት! መድኃኒቱ አለ! ያቺን ልጅ መድኃኒቱ እያለ ነው የገደሏት!»

ከፊትም ከኋላም እጅ ተዘረጋ። «ለኛም፣ ሲስተር፣ ለኛም!» እያሉ ካርቶኑን ባዶ አደረጉት። እኔም «በፈላ ውሃ፣ በፈላ ውሃ» እያልኩ አደልኳቸው። ሴትየዋ ያለችው ግን እውነት ነበር።